በካይሮ ጾም ሲገባ



ቅበላን በሽሮ የሚሸኝ ሕዝብ ቢኖር የካይሮ ሐበሻ ነው። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። አገር ቤት ቢሆን ይህን ሰሞን በግ ይታረዳል፣ ዘመድ ይጠራራል፣ እሑድ ማታ ድስቱ እስኪጠረግ ይበላል። እዚህ ግን አንድ ላይ መገኘት የምንችለው ዓርብ ብቻ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ራሱ የጾም ቀን ነው። ስለዚህ ሥጋን ልንሰናበት ተሰብስበን የቀረበልን ምስርና ሽሮ ሆነ። ዶሮውን እሑድ ማታ የሚመቸው በየቤቱ ይበላዋል፤ የማይመቸው ሳይበላ ጾሙ ይገባበታል።

የተሰጠኝ ርእስ «የዐቢይ ጾም አቀባበል» ይላል። ስለ ጾም ጥቅምና ሥርዓት የሚያስተምሩን ካህናት አሉን፤ በእነርሱ ወንበር አልቀመጥም። እኔ የማነሣው ከማን ጋር እንደምንጾም ነው። አገር ቤት ይህ ጥያቄ የለም። ሰኞ ሲነጋ ልኳንዳው ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ በያይነቱን ብቻ ያወጣል፣ እናት ሽሮና በርበሬውን ቀድማ አዘጋጅታለች፣ የደብሩ ደወል በሰዓቱ ይደወላል። ሰውየው «እየጾምኩ ነው» ሲል ግማሹን ሥራ ሰፈሩ ሠርቶለታል። ካይሮ ውስጥ ሰኞ ሲነጋ ልኳንዳው ክፍት ነው፣ አሠሪዋ ማዳም ሠራተኛዋን «እንቁላል ጥበሺ» ትላለች፣ ሜትሮው እንደ ወትሮው ይጨናነቃል። ሰፈር ሳይጠየቅ ያደርግልን የነበረውን ሁሉ እዚህ አንድ በአንድ ፈልገን ማግኘት አለብን፤ ቀኑን የሚነግረን፣ በሩን የሚከፍትልን፣ አብሮን ማዕድ የሚቀርብ፣ ንስሐችንን የሚሰማ። «ጾም በግለሰቡና በፈጣሪው መካከል ያለ ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አንድ ዓመት ዐቢይ ጾምን ናስር ሲቲ ውስጥ በአዳሪ የቤት ሠራተኝነት ተቀጥሮ ይጹምና ይንገረን።

ከቀኑ ልጀምር፤ ምክንያቱም ቀኑን በተመለከተ የቆምንበት አገር ባለውለታችን ነው። በየዓመቱ ካህናቶቻችን የሚያወጡት ባሕረ ሐሳብ የሚታወቀው በእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ በድሜጥሮስ ስም ነው። ትውፊቱ ድሜጥሮስን ወይን ተካይ ገበሬ ነበር ይለዋል። ከእርሱ በኋላም የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት በየዓመቱ ጾሙ የሚገባበትንና ፋሲካ የሚውልበትን ቀን የሚያሳውቅ ደብዳቤ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ይልኩ ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ያው አባ ሰላማን ለእኛ የሾመልን፣ የመጀመሪያውን እንዲህ ዐይነት ደብዳቤ የጻፈው በ329 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ የምናነባቸው 27ቱ የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ተሟልተው ተዘርዝረው የምናገኛቸው በ367 በጻፈው በ39ኛው ደብዳቤ ነው። ልብ በሉ፤ ያ ዝርዝር የተጻፈው የዓመቱን ጾምና ፋሲካ በሚያሳውቅ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ዛሬ ብናገኘው ከቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈው ነበር።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ደብዳቤው ነው። በ340 አካባቢ አትናቴዎስ ከመንበሩ ተሰድዶ ሮም ነበር። እዚያ ሆኖ ለወዳጁ ለጥሙይስ ጳጳስ ለሰራፕዮን ሲጽፍ፣ የአርባውን ቀን ጾም ለሕዝቡ አጥብቆ እንዲያሳውቅ ይለምነዋል። ምክንያቱም ያሳፍራል፤ ዓለም ሁሉ ሲጾም የግብፅ ሰዎች ብቻ የማይጾሙ ሆነው መሳቂያ እንዳይሆኑ ነው። ዛሬ ከእኛ ጋር 55 ቀን የሚጾመው የግብፅ ክርስቲያን አንድ ጊዜ እንዲህ ተብሎለት ነበር! ደግሞም ያን ያለው ስደተኛ ነው። በሰው አገር ሲኖር ሌላው እንዴት እንደሚጾም አየ፣ አፈረ፣ ለአገሩ ጻፈ። የጾም አጀማመር ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ከአገር አገር ሲሻገር የኖረ ነገር ነው።

ሌላ ምሳሌ ላንሣ። ከዐቢይ ጾም 14 ቀን አስቀድሞ የምንጾማት የነነዌ ጾም ወደ ግብፅ የገባችው በሶርያዊው ፓትርያርክ በአብርሃም ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ እርሱም ከ975 እስከ 978 (እ.ኤ.አ.) በመንበሩ ላይ ነበር። ያንኑ አብርሃምን በስንክሳርና በተአምረ ማርያም ታውቁታላችሁ፤ በጫማ ሰፊው በስምዖን ጸሎት የሙቀጠም ተራራ የተነሣለት ነው። ታዲያ ሙቀጠም ሩቅ አገር እንዳይመስላችሁ። ከዚህ ተነሥታችሁ በማይክሮባስ የምትደርሱበት ነው። ሥሩ የከተማውን ቆሻሻ የሚሰበስቡት ዘባሊን የሚባሉት ክርስቲያኖች ሰፈር አለ፤ ከዓለቱ ውስጥ ደግሞ በስምዖን ስም የታነጸው ሰፊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጾም በገባ በመጀመሪያው ዓርብ እግራችሁ ወደዚያ ቢያቀና ብዙ ትማራላችሁ። የካይሮን ጉድፍ ቀን ሲያነሡ የሚውሉ ሰዎች ማታ እንዴት እንደሚዘምሩ እኔ በቃል አልነግራችሁም።

ቀኑን ስናነሣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.ን ሳልጠቅስ ብቀር ይቆጨኛል። የዚያ ዓመት መባጃ ሐመር፣ የአጽዋማቱ ቀን የሚሰላበት ቁጥር፣ 18 ወጣ። ነነዌ የካቲት 18 ገባች፤ 14 ቀን ሲጨመር ዐቢይ ጾም መጋቢት 2 ሰኞ ሆነ። ጾሙ ከየካቲት 1 በፊት፣ ከመጋቢት 5 በኋላ ስለማይገባ ከዘገዩት ዓመታት አንዱ ነበር። በዚያው ሰኞ ግብፅ ውስጥ ረመዳን ገባ። አስቡት፤ በአንዱ የማዓዲ ወጥ ቤት ውስጥ አዳሪ እህታችን አለች፣ ሳሎን ውስጥ ማዳም አለች፤ ሁለቱም ጾመኛ ናቸው። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ለሚቆረሰው ጾም ሥጋ ይጠበሳል፣ ሾርባ ይፈላል። ጨው በዛ አነሰ ብሎ የሚቀምስ ግን ከቤቱ ጠፋ! አንዷ እስከ መግሪብ ምንም አትቀምስም፣ ሌላዋ እስከ ፋሲካ ሥጋ አትቀምስም። በዚያ ዓመት በብዙ ቤት ጨው በግምት ተጨምሯል ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ቀልዱን ትተን፣ ማዳም ራሷ ስትራብ የሠራተኛዋን ጾም ለመረዳት ይቀላታል። በሌላ ዓመት «ሥጋ ካልበላሽ ትደክሚያለሽ፣ ሥራ ይበደላል» የምትለው ሴት በዚያ ዓመት ዝም ብላለች፤ ይህን ከብዙ እህቶች ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ በሩ። ካይሮ ውስጥ የሐበሻ እግር ያልረገጠው የቤተ ክርስቲያን በር ጥቂት ነው። በሜትሮ ማር ጊርጊስ ጣቢያ ወርዳችሁ «ሙዓለቃ» የተባለችውን በሮማውያን ምሽግ ማማ ላይ የተንጠለጠለችውን የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ፣ ከውስጥ ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፤ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም የተሰየመች ናት። ብዙ ሐበሻ በአጠገቧ አልፎ ሳያውቃት ይመለሳል። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ፓትርያርኩ በሐረት ዙወይላ በተቀመጠበት ጊዜ በዚያው ሰፈር የኢትዮጵያ መነኮሳት ማኅበር ነበር፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ነጋድያንም በካይሮ ያልፉ ነበር። ፋሲካን ኢየሩሳሌም ለማክበር ያሰበ ሰው በዐቢይ ጾም አካባቢ እዚህ መድረሱ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ በካይሮ ጾም ሲገባ እንግዳ የሆነ ሐበሻ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተቀቡት በዚህ ከተማ ነው። በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙትም እዚሁ ነው። የዐባሲያው ትልቁ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል በሰኔ 1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ጃንሆይ ከፕሬዚዳንት ናስርና ከአቡነ ቄርሎስ 6ኛ ጋር ተገኝተው ነበር።

ይህ ሁሉ ታሪክ ግን በር ላይ ለቆመ ጥበቃ አይነበብም። ታኅሣሥ 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከካቴድራሉ ጎን ባለችው በቅዱስ ጴጥሮስና ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በእሑድ ቅዳሴ ሰዓት በሴቶች በኩል ቦምብ ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን በር ፍተሻ እንደጠበቀ ነው። ቦርሳ ይከፈታል፣ መታወቂያ ይጠየቃል። ግብፃዊው ክርስቲያን፣ ቅብጡ፣ ቀኝ እጁን ገልብጦ ከእጅ አንጓው ላይ የተነቀሰውን መስቀል ያሳያል። እኛ ጋ መስቀሉ ያለው ከእናቶች ግንባር ላይ ነው፤ ወጣቶቹ ብዙዎቹ የላቸውም። ፓስፖርቷ ከአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈባት እህት በር ላይ ስትደርስ ምን ታሳይ? አንዳንዷ ከሩቅ ተሳልማ ትመለሳለች። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት በየሰፈራችን ያለውን ቤተ ክርስቲያን ካህን ወይም አገልጋይ አንድ ሰው ሄዶ ቢያነጋግር፣ ነጠላ ለብሳ የምትመጣ ሴት እንግዳ እንዳትሆንበት ቢያስረዳው፣ ብዙ ነገር ይቀላል። ቅብጦች በዚህ አይቸገሩም፤ ሲነገራቸው ይቀበላሉ። እኛ ነን የማንናገረው።

ሰዓቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አገር ቤት አጥቢያ ስንል የምናስበው ወንዝና መንገድ ነው፤ ከዚህ ወንዝ ወዲህ የሚካኤል፣ ወዲያ የማርያም ነው እንላለን። እዚህ አንዷ ከአርድ ኤል ልዋ፣ አንዷ ከናስር ሲቲ፣ አንዱ ከስድስት ኦክቶበር ይመጣል፤ መንገዱ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። አብረን አጥቢያ የሚያደርገን የእረፍት ሰዓታችን መግጠሙ ነው። ቅብጦችም ከዚሁ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። የግብፅ የሥራ ሳምንት ዓርብና ቅዳሜ ስለሚያርፍ እሑድ ለእነርሱ የሥራ ቀን ነው፤ በዚህ የተነሣ «የእሑድ ትምህርት ቤት» የሚሉት የልጆች ትምህርት በብዙ ቦታ የሚሰጠው ዓርብ ነው። ስሙ እሑድ፣ ቀኑ ዓርብ! በዐቢይ ጾም ደግሞ ቀኖናው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጹሙ ስለሚል (በግብፅ ሰዓት ሦስት ላይ ማለት ነው) ቅዳሴው እንደ እኛው ከቀትር በኋላ ይገባል፤ በብዙ አጥቢያ ግን ከዚህ ሌላ ማለዳ ወደ ሥራ ለሚሄዱ ሌሊት ላይ የሚጀመር ቅዳሴ ይጨምራሉ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ዐይነት ሰው። የእኛ ሰው ይህን ሲያይ «ሥርዓት ላላ» ብሎ ያማል። እኔ በዚህ አልስማማም። የከሰዓቱን ቅዳሴ የሚጠብቅ ሾፌር ቀኑን ሙሉ ሳይበላ መንዳት እንደማይችል እነዚያ ካህናት ያውቃሉ፤ ከቅዳሴ ከሚቀር በሌሊት ይምጣ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ብዙው ይመሳሰላል፣ ስለዚህ አትፍሩ። የጾሙ አዘቦት ቀን ጸናጽላቸው አይሰማም፣ እንደ እኛ ከበሮና ጸናጽል ይሰቀላል፤ ዜማው ይለወጣል፤ ጧት ስግደት አለ። ወንበር ላይ መቀመጣቸውና በጫማ መግባታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ያስደነግጣል፤ ሊቆርቡ ሲሄዱ ግን ጫማቸውን ያወልቃሉ። ዐረብኛውን ባትሰሙትም ቅዳሴው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ እጅ ሲነሣ፣ ዕጣን ሲዞር፣ ሕዝቡ ሲሰግድ አካላችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ስለ ማዕዱ ብዙ አልናገርም፤ በስልካችን የሚመጣው የጾም ምግብ ቪዲዮ ይበቃናል። እንዲያውም ያሳስበኛል። ጾም ሊገባ ሲል ከሁሉ በፊት የምንጠያየቀው ጤፍ ማን በሻንጣ አመጣ፣ ከሩዝና ከስንዴ ዱቄት ምን ያህል ይቀላቀል የሚለው ሆኗል። ከተማው እኮ የጾመኛ ከተማ ነው! ፉል አለ፣ ከባቄላ የሚጠበሰው ጣዕሚያ አለ፣ ሩዝ ከምስርና ከመኮረኒ ጋር የሚቀርበው ኩሸሪ አለ፤ ቅብጦች «ሲያሚ» የሚሉት የጾም ምግብ በየመንገዱ ይሸጣል። ዓሣም በዐቢይ ጾም እነርሱም አይበሉም። እንጀራ ናፍቆት ነው፣ ናፍቆትም አይነወርም፤ ግን እንጀራ ያጣ ሰው ጾም ያጣ አይምሰለው።

ከባዱ ንስሐው ነው። አገር ቤት የንስሐ አባት ሰውን ከነቤተሰቡ ያውቃል፤ ልጅ ሲወለድ ይመጣል፣ ሰው ሲሞት ይመጣል፣ ጾም ሲገባ ጠበል ይረጫል። የብዙዎቻችን የንስሐ አባት ዛሬም ጎጃም ወይም ሸዋ ናቸው፤ ኔትወርክ ሲገኝ እንደውላለን፤ ቀኖና ይሰጡናል፤ ከኋላ ማዳም ስትጠራ ስልኩ ይዘጋል። አንዳንዶቻችን ከግብፃዊ ካህን ፊት ቀርበናል። ግን የምናውቀው ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው። ሽንኩርትን፣ ካውያን፣ «ቶሎ በይ»ን ያውቃል፤ ቂምን፣ ቅናትን፣ በድብቅ ያለቀስነውን አያውቅም። ካህኑ ሰምተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እኛም እንነቀንቃለን፣ ኃጢአቱ መካከል ላይ ይቀራል። ይህን ካህናቶቻችን እንዲመክሩበት አደራ እላለሁ፤ በዐቢይ ጾም መግቢያ ለጥቂት ቀናት እንኳ በአማርኛ የሚያናዝዙ አባት ቢገኙ ከብዙ ድግስ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ መጨረሻዋ ጉዳይ ልምጣ፤ የመጣሁትም ለእርሷ ነው። የቅብጦች አጥቢያ «ኢፍቲቃድ» የሚሉት ነገር አለው። ትርጉሙን ትተን ሥራውን ልንገራችሁ። አገልጋዮች የአጥቢያውን ቤቶች በዝርዝር ይዘው ይከፋፈሉታል፤ ይህን መንገድ አንተ፣ ያንን ሕንፃ አንቺ ይባላል። ከቅዳሴ የቀረ ሰው ካለ ይሄዱበታል፣ በር ያንኳኳሉ፣ ታመምክ ወይስ ተከፋህ ይላሉ። ችግረኛ የሆኑትን ቤተሰቦች «የጌታ ወንድሞች» ይሏቸዋል፤ በጾም ወቅት የእነርሱ ጉዳይ በተለይ ይታሰባል። ይህ አሠራር ሰዎቹ ከእኛ ይልቅ ደጎች ስለሆኑ የመጣ አይደለም፤ ዝርዝር ስላላቸው ነው። እኛ ጽዋ ማኅበር አለን፣ እቁብ አለን፣ አንዱ ሲሞት አስከሬን ወደ አገር ለመላክ በአንድ ቀን ገንዘብ እንሰበስባለን። በሕይወት ላለችው ግን ዝርዝር የለንም። ከዚህ አዳራሽ ያለነው ተመላላሽ ሠራተኞች፣ የራሳችን ቤት የተከራየን፣ ዓርብ ዓርብ መውጣት የቻልን ነን። አዳሪዎቹ፣ በወር አንድ ቀን እንኳ የማይወጡት፣ በሕንፃዎቹ ላይኛ ፎቅ ናቸው፤ ሰኞ ጾም መግባቱን ከመካከላቸው የማያውቁ አሉ። እንቁላሉን ጠብሰው፣ ሳያውቁ ቀምሰው፣ ሐሙስ ዕለት ሲያውቁ የሚያለቅሱ አሉ።

ስለዚህ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ፈቅደውልኝ አንድ ሥራ አዘጋጅቻለሁ። ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አራት ደብተር ተቀምጧል፤ አንዱ ለማዓዲና ለሐዳኢቅ፣ አንዱ ለጊዛ በኩል፣ አንዱ ለናስር ሲቲ፣ አንዱ ለስድስት ኦክቶበር። ስትወጡ የምታውቋትን አዳሪ እህት የክርስትና ስሟንና የስልክ ቁጥሯን ጻፉ። የአሠሪዋን ስም አትጻፉ፣ የቤት ቁጥርም አትጻፉ፤ ደብተሩ ከማኅበሩ ጸሐፊ እጅ አይወጣም። ከየሰፈሩ ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት ሦስት ሴቶች ይመረጡና እሑድ ማታ ለእያንዳንዷ ይደውላሉ፤ «ነገ ጾም ይገባል፣ ብቻሽን አይደለሽም» ይበሏት፤ ከዚያም በየሳምንቱ ይደውላሉ። ድምፅ መቅዳት የምትችሉ ወጣቶች ደግሞ የየሳምንቱን የወንጌል ንባብ በአጭሩ ቀድታችሁ ላኩላት፤ ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ትሰማዋለች።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ፤ ከስልክ ቁጥሯ አጠገብ ስልክ ማንሣት የምትችልበትን ሰዓት ጻፉ። በሀበሻ ሰዓት ይሁን፣ እንዳይምታታብን።